በሰው ቤት የሚጻፍ ውሎ፦ የሰርቨር ሎግ ወደ ብሮውዘር የተሻገረበት ታሪክ

እስቲ ይህን አስቡት። የምዝገባው ቀነ ገደብ ዛሬ እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል። ቅጹን ሞልታችኋል፣ ሰነዱን አያይዛችኋል፣ «ላክ» የሚለውን ትጫናላችሁ፤ ምንም የለም። ደግማችሁ ትጫናላችሁ፤ አሁንም ዝም። በማግስቱ ደውላችሁ ስታስረዱ፣ ስልኩን ያነሳው ባለሙያ የሰርቨሩን መዝገብ ከፍቶ ያያል። ከዚያም በሙሉ ልብ «በእኛ በኩል ምንም ችግር አልነበረም፤ ሙከራችሁም አልደረሰንም» ይላችኋል።

የሚያስገርመው ነገር፣ ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። ገጹ የተበላሸው እናንተ ስልክ ውስጥ፣ ብሮውዘሩ ላይ ነው። መልእክቱ ከስልኩ ስላልወጣ ሰርቨሩ የሰማው ነገር የለም፤ ያልሰማውን ደግሞ ሊመዘግብ አይችልም። በመዝገቡ ዘንድ እናንተ በዚያች ሌሊት አልነበራችሁም። በቃ፣ ዕድሉ አለፈ።

ፕሮግራሞች የዕለት ውሏቸውን መስመር በመስመር የሚጽፉበት መዝገብ «ሎግ» ይባላል። ሰርቨር ላይ ይህ መዝገብ ብዙ ዘመን ያስቆጠረ፣ የበሰለ መሣሪያ ነው። «ታዲያ ይህንኑ መሣሪያ ወስዶ ብሮውዘር ውስጥ ማስገባት ምን ያስቸግራል?» ትሉ ይሆናል። ብዙ ባለሙያዎችም እንደዚያ ብለው ነው የጀመሩት። ነገሩ ግን ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። ምክንያቱም መሻገር የነበረበት ኮዱ ብቻ አልነበረም። ሰርቨር ላይ ማንም ጠይቋቸው የማያውቅ አራት ጥያቄዎችም መልስ ይፈልጉ ነበር፦ የት ይጻፍ? በምን ይላክ? መቼ ይላክ? ማን ይታመን? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከእንጨት ቁራጭ እስከ ዲስክ

«ሎግ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻው ባሕር ላይ ነው። የጥንት መርከበኞች ፍጥነታቸውን ለማወቅ ቋጠሮ በተበጀበት ገመድ ላይ የእንጨት ቁራጭ አስረው ወደ ውኃው ይጥሉ ነበር። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንት ቋጠሮ ከእጃቸው እንዳለፈ ቆጥረው በመዝገብ ያሰፍራሉ። እንጨቱ «ሎግ» ስለሚባል መዝገቡም በዚያው ስም ተጠራ። የመርከብ ፍጥነት እስከ ዛሬ «ኖት» ማለትም ቋጠሮ በሚል መለኪያ የሚነገረውም ከዚሁ የተነሳ ነው።

ኮምፒውተርም ገና ከጅምሩ መዝገብ ነበረው፤ በእጅ የሚጻፍ ደብተር። መስከረም 9 ቀን 1947 የሃርቫርድ ማርክ 2 ኮምፒውተር ሠራተኞች ማሽኑ ውስጥ ገብታ የተገኘችን የእሳት ራት አውጥተው በሎግ ደብተራቸው ላይ በማጣበቂያ ለጥፈዋታል። የፕሮግራም ስህተት በእንግሊዝኛ «ነፍሳት» ተብሎ መጠራቱ ከዚያ በፊትም የነበረ ነው። ያቺን ቀን ግን ዛሬ በዝርዝር የምናውቃት አንድ ሰው ያየውን ወዲያው፣ እዚያው ስለመዘገበ ነው። የሎግ ቁም ነገሩም ይኸው ነው፦ ነገሩ በሆነበት ሰዓትና በሆነበት ቦታ መጻፍ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በበርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ኦልማን «ሴንድሜይል» ለተባለው የኢሜይል ፕሮግራሙ አንድ የጋራ የመመዝገቢያ ዘዴ ሠራ፤ ስሙም «ሲስሎግ»። ሲስሎግ ለእያንዳንዱ መልእክት የክብደት ደረጃ ሰጠው። ደረጃዎቹ ከ0 እስከ 7 ስምንት ናቸው፦ 0 «ቤቱ እየተቃጠለ ነው» እንደማለት ሲሆን፣ 7 ደግሞ ለፕሮግራመሩ ብቻ የሚጠቅም ጥቃቅን ዝርዝር ነው። ዘዴው ከሴንድሜይል አልፎ በዩኒክስ ዓለም ሁሉ ተዛመተ።

ቀጥሎ የመጣው ትልቁ እርምጃ በ1996 ሴምፐር ከተባለ የአውሮፓ የኤሌክትሮኒክ ግብይት ፕሮጀክት የተነሳው ነው። ፕሮጀክቱ የራሱን የመከታተያ መሣሪያ ሲሠራ፣ ያ ሥራ እያደገ ሄዶ በቼኪ ጉልቹ እጅ ለጃቫ ቋንቋ የተሠራው «ሎግፎርጄ» ሆነ። ሎግፎርጄ ሦስት ነገሮችን ለያየ፦ መልእክቱ ምን ያህል ከባድ ነው፣ ወዴት ይሂድ፣ በምን መልክ ይጻፍ። ፕሮግራመሩ «ይህን መዝግብ» ይላል፤ ወደ ፋይል ይሁን ወደ ኢሜይል ወይስ ወደ ሌላ ማሽን የሚለው ኮዱ ሳይነካ ይወሰናል። ዛሬ በየቋንቋው ያሉት የሎግ መሣሪያዎች አብዛኞቹ የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ጸሐፊው፣ ደብተሩና አንባቢው በአንድ ቤት የሚኖሩ ናቸው። ሰርቨሩም የድርጅቱ፣ ዲስኩም የድርጅቱ፣ ነገ መዝገቡን የሚከፍተው ባለሙያም የድርጅቱ ሰው ነው። ብሮውዘር ጋ ስንደርስ ይህ ሁሉ ይፈርሳል።

የት ይጻፍ? ደብተር የሌለው ጸሐፊ

በ1995 ብሬንዳን አይክ በኔትስኬፕ ጃቫስክሪፕትን በአሥር ቀን ሠራ። ከዚያ በኋላ የአንድ ድርጅት ፕሮግራም በማያውቀው ሰው ኮምፒውተር ላይ ይሮጥ ጀመር። የእንግዳ ፕሮግራም ደግሞ እንደ ልቡ አይሆንም፤ ብሮውዘሩ ዲስካችሁ ላይ ፋይል እንዲጽፍ አይፈቅድለትም። ይህ ደግሞ ትክክል ነው! የጎበኛችሁት ገጽ ሁሉ እንዳሻው ዲስካችሁ ላይ ቢጽፍና ቢያነብ ኖሮ ጉዳችን ነበር። ውጤቱ ግን ደብተር የሌለው ጸሐፊ ሆነ።

ምን ይደረግ? ፕሮግራመሮች «አለርት» የምትባለውን ትእዛዝ ያዙ፤ ስክሪን ላይ ትንሽ ሳጥን ብቅ አድርጋ ጽሑፍ የምታሳየውን። ችግሯ ሳጥኑ እስኪዘጋ ድረስ ገጹን ቀጥ አድርጋ ማቆሟ ነው። ሺህ ጊዜ በሚደገም ስሌት ውስጥ ብትከቷት ሺህ ሳጥን ትዘጋላችሁ።

የሰርቨሩን መሣሪያ በቀጥታ ለማሻገር ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ በ2000ዎቹ አጋማሽ የወጣው የቲም ዳውን «ሎግፎርጃቫስክሪፕት» ነው። ስሙ እንደሚነግራችሁ የሎግፎርጄን አሠራር ይከተላል። ደረጃዎቹም ያው፣ «ወዴት ይሂድ» የሚለው ምርጫም ያው። ልዩነቱ መድረሻዎቹ ላይ ነበር፤ ፋይል ስለሌለ ሎጉ ለብቻው በተከፈተ መስኮት ወይም ገጹ ግርጌ ላይ ይታያል፣ አለዚያም በኔትወርክ ወደ ሰርቨር ይላካል። አሳቡ በሙሉ ተሻገረ፤ የሚያርፍበት መሬት ግን ሌላ ሆነ።

በ2006 ጆ ሂውት ለፋየርፎክስ «ፋየርበግ» የተባለውን ተጨማሪ መሣሪያ አወጣ። ፕሮግራመሩ ከገጹ ጎን «ኮንሶል» የሚባል ሰሌዳ አገኘ፤ «ኮንሶል ሎግ» የምትለው ትእዛዝም ገጹን ሳታቆም እዚያ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። ሌሎች ብሮውዘሮች ተከትለው ያንኑ ስም ያዙ። የብሮውዘር ሎግ ችግር የተፈታ መሰለ።

ግን በዚሁ ላይ አንድ አስቂኝ የሚመስል አደጋ ተከሰተ። በ2009 በወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 እና በተከታዩ 9 ላይ ኮንሶሉ የሚገኘው የፕሮግራመሮቹ መሣሪያ ተከፍቶ ከሆነ ብቻ ነበር። ካልተከፈተ «ኮንሶል» የሚባል ነገር የለም፤ ኮዱ የሌለ ነገር ሲጠራ ደግሞ እዚያው ይወድቃል። ምን ማለት እንደሆነ አያችሁ? ስህተት ለማግኘት የተጻፈችው መስመር ራሷ ገጹን ታፈርሳለች። ፕሮግራመሩ ችግሩን ሊፈልግ መሣሪያውን ሲከፍት ደግሞ ኮንሶሉ ስለሚገኝ ችግሩ ይጠፋል። ተጠቃሚው «አይሠራም» ይላል፤ ባለሙያው «እኔ ጋ ይሠራል» ይላል። ይህ የተስተካከለው በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 10 ነው። እስከዚያ ድረስ ጥንቁቅ ፕሮግራመሮች «ኮንሶል ከሌለ ባዶ ኮንሶል ፍጠር» የምትል መከላከያ በየገጻቸው ራስ ላይ ይጽፉ ነበር።

በምን ይላክ? የሥዕል ዘዴና የፊደል ዋጋ

ኮንሶል ፕሮግራመሩ እዚያው ተቀምጦ ሲያይ ይጠቅማል። የእናንተ ስልክ ኮንሶል ላይ የተጻፈውን ግን ማን ያየዋል? ማንም። ስለዚህ መልእክቱ ወደ ሰርቨር መጓዝ አለበት።

የቆየውና ብልሃት ያለበት ዘዴ የሥዕል ዘዴ ነው። ገጹ ሰርቨሩን «አንድ ትንሽ ሥዕል ስጠኝ» ይለዋል፤ በሥዕሉ አድራሻ ጭራ ላይ ግን የሎጉን መልእክት ይቀጥልበታል። ሰርቨሩ ጥያቄው ሲደርሰው አድራሻውን በራሱ ሎግ ይመዘግባል። በዚህ መንገድ የብሮውዘሩ ውሎ በሰርቨሩ ደብተር ገባ ማለት ነው። ሥዕሉን ማንም አያየውም፤ ምክንያት ብቻ ነበር።

ግን አድራሻ ርዝመት አለው፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ከ2,083 ምልክት በላይ አይቀበልም ነበር። እዚህ ላይ ጉዳዩ እኛን በቀጥታ ይነካናል። በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲወስድ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። አድራሻ ላይ ሲጻፍ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በ% ምልክት ተጀምሮ በሦስት ምልክት ይተካል። ስለዚህ አንዷ «ሀ» 9 ቦታ ትይዛለች። «ሰላም» 27 ይሆናል፤ «ስህተት ተፈጥሯል» ከነክፍት ቦታው 84። አድራሻው ራሱ ምንም ቦታ ባይወስድ እንኳ የሚተርፈው 231 ፊደል ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ረጅም አንቀጽ የሚያስገባው መንገድ በአማርኛ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይዞ ይሞላል። ሰዎች ቅጽ የሚሞሉበትን ቋንቋ ግምት ውስጥ ያላስገባ መሣሪያ መልእክቱን መሐል ላይ ይቆርጠዋል። ደግነቱ፣ መልእክቱን በአድራሻው ሳይሆን በጥያቄው ሆድ ውስጥ የሚልኩት አዳዲስ መንገዶች ይህን ጣጣ አስቀርተዋል።

መቼ ይላክ? ገጹ ሲዘጋ ማን ይጻፍ

ሰርቨር ቀን ከሌት ይሮጣል። የብሮውዘር ገጽ ግን በማንኛውም ቅጽበት ይዘጋል። በጣም የሚያስፈልገን ሎግ ደግሞ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ነው፤ ሰውየው ተበሳጭቶ ገጹን ከመዝጋቱ በፊት የሆነው። ገጹ ሲዘጋ በመንገድ ላይ ያለው መልእክት አብሮ ይሰረዛል። አንዳንዶች «መልስ እስኪመጣ ገጹ አይዘጋ» የሚል ዘዴ ተጠቀሙ፤ ይኸው ደግሞ ቀጣዩን ገጽ ያዘገያል። ሎግ ለመጻፍ ብሎ ተጠቃሚን ማስጠበቅ!

በ2014 ክሮምና ፋየርፎክስ «ሴንድ ቢከን» የሚባል ትእዛዝ ይዘው መጡ። ሐሳቡ ደብዳቤን ለሌላ ሰው አደራ እንደመስጠት ነው። ገጹ መልእክቱን ለብሮውዘሩ ይሰጣል፤ ገጹ ቢዘጋም ብሮውዘሩ ያደርሳል። መጠኑ 64 ኪሎባይት ገደማ ስለሆነ ለሎግ ይበቃል። ኔትወርክ በሌለበት ጊዜ ደግሞ መልእክቱን ብሮውዘሩ በሚፈቅደው ትንሽ ማከማቻ አቆይቶ መስመር ሲመለስ መላክ ይቻላል። መስመሩ በየመሐሉ ለሚቆራረጥበት ሰው ይህ ትርፍ ነገር አይደለም፤ ችግሩ የደረሰበት ያኔ ኔትወርኩ ሲጠፋ ሊሆን ይችላላ።

አንድ ቋንቋ፣ ሁለት ቤት

በኅዳር 2009 ራያን ዳል በርሊን ላይ ኖድ ጄኤስን ለሕዝብ አቀረበ። ብሮውዘር ውስጥ ተወልዶ ያደገው ጃቫስክሪፕት ሰርቨር ላይ መሮጥ ጀመረ። በዚያም ጥሩ ጥሩ የሎግ መሣሪያዎች ተወለዱ፤ «ዊንስተን»፣ «ቡንያን»፣ በ2016 ደግሞ «ፒኖ»። ቡንያን እያንዳንዱን ሎግ ማሽን በቀላሉ በሚያነበው በጄሶን መልክ ይጽፋል፤ ደረጃዎቹንም በቁጥር ይሰይማል፣ ከ10 እስከ 60። ፒኖም እነዚያኑ ቁጥሮች ወሰደ።

አሁን ቋንቋው አንድ ነው። «ከሰርቨሩ ቀድተን ብሮውዘር ላይ እንለጥፈው» አሉ፤ አልሄደም። መሣሪያዎቹ ፋይል ይከፍታሉ፤ ብሮውዘር ፋይል የለውም። የራሳቸውን የሂደት ቁጥርና የማሽኑን ስም ይጠይቃሉ፤ ብሮውዘሩ ይህን አይነግራቸውም። ቋንቋው አንድ ቢሆንም ቤቱ ሌላ ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ ማስመሰል ነበር። በጄምስ ሃሊደይ የተሠራው «ብራውዘሪፋይ» የሰርቨር ኮድን ወስዶ የጎደሉትን የኖድ ክፍሎች በምትክ እየሞላ ለብሮውዘር ያዘጋጃል። ኮዱም ሰርቨር ላይ ያለ ይመስለዋል። ግን ማስመሰል ክብደት አለው፤ ምትኮቹ ሁሉ ወደ ተጠቃሚው ስልክ ይወርዳሉ። ኢንተርኔት በሜጋባይት ጥቅል በሚገዛበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ያንን ክብደት የሚከፍለው ፕሮግራመሩ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ። በጥቅምት 2020 የወጣው «ዌብፓክ 5» እነዚህን ምትኮች በራሱ ማስገባት አቆመ፤ የሚፈልግ ሰው አውቆ ያስገባ ተባለ። ብዙ ፕሮጀክቶች በስህተት መልእክት ተጥለቀለቁ፤ ያኔ ነው ስንቱ የሰርቨር ኮድ ሳይታወቅ ወደ ሰው ስልክ ሲወርድ እንደነበር የታየው።

የተሻለው መፍትሔ ሐቀኛው ነው፦ አንድ ስም፣ ሁለት አካል። የኮዱ አዘጋጅ «ይህ ለሰርቨር፣ ይህ ለብሮውዘር» ብሎ ለይቶ ያስቀምጣል። ፒኖ ይህን መንገድ ተከተለ፤ ብሮውዘር ላይ ሲሆን ፋይሉን ትቶ ወደ ኮንሶሉ ይጽፋል፣ ከተወሰነ ደረጃ በላይ ያለውን ደግሞ ወደ ሰርቨር የሚልክበት በር አለው። የፕሮግራመሩ አጻጻፍ አይለወጥም፤ ከሥር ያለው ግን ለቤቱ የተሠራ ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። ኮንሶል ከእያንዳንዱ መልእክት አጠገብ ትእዛዙ የተጻፈበትን የኮድ መስመር ቁጥር ያሳያል። ኮንሶልን በሌላ መሣሪያ ስትሸፍኑት ግን ሁሉም መልእክት «ከመሸፈኛው መጣሁ» ይላል። «ሎግሌቭል» የተባለው በጣም ትንሽ መሣሪያ የተወደደው ዋናውን የኮንሶል ትእዛዝ ሳይሸፍን በቀጥታ በማቀበሉ፣ የመስመር ቁጥሩን ስለሚያድን ነው። ምስክር «የት ነበርክ?» ሲባል ትክክለኛውን ቦታ ካልተናገረ ምስክርነቱ ምን ይረባል?

ማን ይታመን?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ሰርቨር የራሱን ደብተር ያምናል። ከብሮውዘር የመጣ ሎግ ግን የተጻፈው በሰው ቤት ነው። የስልኩ ሰዓት የተዛባ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሰርቨሩ የራሱን ሰዓት ጎን ለጎን ይጽፋል። ሐሰተኛ ሎግ መላክም ለማንም ቀላል ነው።

የዚህ አደጋ ትልቁ ትምህርት የመጣው ከራሱ ከሎግፎርጄ ነው። በሁለተኛው ትውልዱ ላይ በ2013 አንድ ችሎታ ተጨመረ፦ በመልእክቱ ውስጥ የተወሰነ ዓይነት ጽሑፍ ሲያገኝ እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ ከሌላ ማሽን መረጃ ያመጣል። በታኅሣሥ 2021 ይህ ምን ያህል ክፍት በር እንደሆነ ለዓለም ተገለጠ፤ «ሎግፎርሼል» ተባለ፣ የአደጋ ነጥቡም ከ10 ውስጥ 10 ሆነ። አጥቂው ሰርቨሩን መስበር አያስፈልገውም ነበር። ብሮውዘር ለሰርቨር በሚነግረው የራሱ ስም ቦታ ላይ ተንኮለኛ ጽሑፍ ማስገባት ይበቃዋል። በማይንክራፍት ጨዋታ ደግሞ በጫት ሳጥን መጻፍ ብቻ በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ሰርቨሩ ያንን «ልመዝግብ» ሲል በሩን ከፈተ። ከውጭ የመጣ ቃል ይመዘገባል እንጂ አይታዘዙትም፤ ትምህርቱ ይኸው ነው።

መታመን ግን በሁለት በኩል ነው። እናንተስ መዝጋቢውን ታምኑታላችሁ? ብሮውዘሩ ውስጥ የይለፍ ቃላችሁ፣ ስልክ ቁጥራችሁ፣ ገና ያልላካችሁት ጽሑፍ ሁሉ አለ። በግንቦት 2018 ትዊተር የይለፍ ቃሎች ሳይመሰጠሩ በውስጥ ሎጉ ሲጻፉ እንደነበር አስታውቆ፣ ከ330 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎቹ ቃላቸውን እንዲቀይሩ መክሯል። ያ የሆነው ድርጅቱ በራሱ ቤት በያዘው ደብተር ነው፤ በእናንተ ስልክ የሚጽፍ ጸሐፊማ ይብሱን መጠንቀቅ አለበት። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሰውን የሚያሳውቅ ሎግም የግል መረጃ ነው። ጥሩ መሣሪያ ስህተቱን ይመዘግባል እንጂ ሰውየውን አይሰልልም።

ወደዚያች ሌሊት እንመለስ

አራቱ ጥያቄዎች የተመለሱበት ገጽ ቢሆን ኖሮ በዚያች ሌሊት «ላክ» ስትሉ ቁልፉ ሊበላሽ ይችል ነበር፤ ስህተት መቼም አይጠፋም። ግን አንዲት መስመር ትጻፍ ነበር፦ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ብሮውዘር፣ በዚህ የኮድ መስመር ላይ ወደቀ። ገጹን ስትዘጉት ብሮውዘሩ ያደርስ ነበር። በማግስቱም ባለሙያው «አልደረሰንም» ከማለት ይልቅ «አዎ፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሞክራችኋል» ይላችሁ ነበር። ቅጹ ባይደርስም መሞከራችሁ ማስረጃ አለው።

እስከዚያው አንድ ነገር ያዙ። ኮምፒውተር ላይ ገጽ ዝም ሲላችሁ ኤፍ 12 የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ኮንሶል የሚለውን ክፈቱ። ቀይ መስመር ካያችሁ ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪኑን ፎቶ አንሱና ለሚመለከተው ላኩ። ገጹ ያላችሁን ካልመዘገበላችሁ፣ ለጊዜው መዝጋቢዎቹ እናንተ ናችሁ።